መንገዱ የማን ነው? ከእንጅባራ እስከ ጫግኒ

በአገራችን መንገድ ሲመረቅ የሚነገረው ነገር የታወቀ ነው። ሪባኑ ይቆረጣል፤ ባለሥልጣኑ ንግግር ያደርጋል፤ በማግሥቱም ዜናው «መንገዱ ቀደም ሲል አምስት ሰዓት ይፈጅ የነበረውን ጉዞ ወደ ሁለት ሰዓት ያሳጥራል» ብሎ ይደመድማል። ደስ የሚል ዜና ነው፤ ሐሰትም የለበትም። ለመሆኑ ግን ያጠረው የማን ጉዞ ነው? መኪና ያለው፣ ወይም ለመኪና የሚከፍለው ያለው ሰው ጉዞ ማጠሩ አያከራክርም። እህሉን ተሸክሞ በእግሩ ገበያ የሚወርደው፣ ብስክሌቱን እየገፋ ዳገት የሚወጣው፣ በፈረሱ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ጉዞስ? የዚህ ሰው ጉዞ አጠረ ወይስ ረዘመ ብሎ የጠየቀ የምረቃ ንግግር እስካሁን አልሰማሁም።

ጥያቄውን የማነሣው ደጋግሜ የተመላለስሁበትን አንድ መንገድ አስቤ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን የሚሻገረውና በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚያቀናው አውራ ጎዳና፣ እንጅባራ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ምዕራብ ይለቃል። ቅርንጫፉ ከአዊ ደጋ እየወረደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጫግኒ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ግልገል በለስና ወደ ጉባ ይቀጥላል። ጫግኒ ዛሬ የጓንጓ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ በቀድሞው አስተዳደር ደግሞ የጎጃም ክፍለ ሀገር የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ደጋውና ቆላው፣ አገውና አማራው፣ ሽናሻና ጉሙዙ የሚገበያዩባት በር ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ ጀምሮ፣ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀበት ቀን ድረስ፣ በዚህ መስመር ያለፈው ከባድ መኪና ብዙ ነው። መንገዱ የአገር መንገድ ሆነ። የአዊ ገበሬም ቦንድ ገዝቶ ግድቡን አግዟል። ነገር ግን ገንዘቡን ለግድቡ ያዋጣው ሰውና ሲሚንቶውን ለግድቡ ያደረሰው ተሳቢ በአንድ አስፋልት ላይ ሲገናኙ፣ ዳር ወጥቶ ቦይ ውስጥ የሚገባው ያው ገበሬው ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ በገበያ ቀን ማለዳ ይህን መስመር ያየ ሰው የምለውን ያውቃል። ከየገጠሩ የሚወርደው ሕዝብ ጥቁር ጎርፍ ይመስላል። እናቶች እንስራና ቅርጫት ያዝላሉ፤ አህዮች ከነጭነታቸው ይነዳሉ፤ ተማሪዎች ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሦስትና አራት ሆነው ይሄዳሉ፤ ጎረምሶች በብስክሌት ይሽሎከለካሉ፤ ባጃጆች በመካከል ይሹለከለካሉ። በዚህ መካከል ነው እንግዲህ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» የሚል ቅጽል የሰጠው ገልባጭ መኪና ጥሩንባውን እያስጮኸ የሚመጣው። አንድ ሕዝብ ለጭነት መኪና በታሪኩ ውስጥ የመጨረሻውን አስከፊ ዘመን ስም ከሰጠ፣ ነገሩን ለማስረዳት ሌላ ጥናት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

በደጋው በኩል ደግሞ ፈረስ አለ። ወደ በለስ ሸለቆ ሲወረድ ገንዲ የጋማ ከብትን ስለሚፈጅ ፈረሱ እያነሰ ይሄዳል፤ እንጅባራና አካባቢዋ ግን የፈረስ አገር ናቸው። የሰባት ቤት አገው፣ ማለትም የአንከሻ፣ የአዘና፣ የባንጃ፣ የጫራ፣ የኳኩራ፣ የመተከልና የዚገም ልጅ፣ ሠርጉንም ለቅሶውንም በፈረስ ነው የሚያደምቀው። በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዛሬ አባላቱ በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው በሙሉ ጌጡ ይወጣል፤ የዓድዋ ድልና በዚያ የዘመተው ፈረስ ይታሰባሉ። ባለሥልጣናት ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ይመጣሉ፤ «ይህ ባህል የዓለም ቅርስ ሆኖ ሊመዘገብ ይገባዋል» ይባላል። ልክ ነው፤ ይገባዋል። ነገሥታቱና መኳንንቱ ሳይቀሩ «አባ ታጠቅ»፣ «አባ ዳኘው»፣ «አባ ነፍሶ» እየተባሉ በፈረሳቸው ስም የተጠሩበት አገር ነው የእኛ አገር።

የእኔ ጥያቄ ስለ ጥር 24 ነው። በዓሉ አልቆ እንግዶቹ በመኪናቸው ሲመለሱ፣ ፈረሰኛው በየትኛው መንገድ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሳፈርሁበት መኪና ከእንጅባራ ወጣ እንዳለ ጎማው ተነፈሰና ወርደን ቆምን። አንድ ሽማግሌ የተሸለመ ፈረስ በእጃቸው እየሳቡ በእግራቸው ሲመጡ አየሁ። ፈረሱ የታመመ መሰለኝ።

«አባቴ፣ ፈረሱ አነከሰብዎት እንዴ?» አልኋቸው።

«ኧረ ጤና ነው ልጄ። ለቅሶ ደርሼ መመለሴ ነው» አሉ። «ይህ ትልቁ መኪና በመጣ ቁጥር እወርዳለሁ፤ ሲያልፍ እወጣለሁ። ዕድሜዬን ታየዋለህ። ስወጣ ስወርድ ከምውል ብዬ ተውሁት።»

«ቀድሞስ እንዴት ነበር?»

«ቀድሞማ ጠጠር ሳለ መኪናውም ቀስ ይል ነበር፤ እኛም ዳር ዳሩን አፈር ለአፈር እንሄድ ነበር። አሁን ዳሩ ቦይ ሆነ። ፈረስ በአስፋልት ላይ ይንሸራተታል፤ ቦይ ውስጥ ደግሞ እግሩ ይሰበራል። ወዴት ይሂድ?»

መኪናውን ከሁለት ሰዓት በላይ ያተረፈው መንገድ እኒህን አባት ከፈረሳቸው አውርዷቸዋል። የአገራችን ፈረስ በአብዛኛው ብረት ጫማ አይገባለትም፤ አስፋልቱ ኮቴውን ይፈጀዋል። ፈረስ ዓይኑ በጎንና በጎን ስለሆነ ከኋላው የሚመጣውንም ያያል፤ ተፈጥሮውም አውሬ ሲመጣ መሸሽ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጥሩንባ እየነፋ የሚመጣ ተሳቢ ለእርሱ ከአውሬ የሚለይበት ምክንያት የለም። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል የአገሬ ሰው። በዚህ መንገድ ላይ ማድረሱም ቀርቶበታል።

የፈረሱን ነገር በቅርስነቱ ብቻ አይቶ የሚያልፍ ካለ ስለ ሰው ልናገር። በዚሁ መስመር ላይ አንዲት የሥጋ ዘመዴን አጥቻለሁ። ከገበያ ስትመለስ ነበር፤ ክረምት ነበር፤ ቦዩ በውኃ ተሞልቶ ስለነበር በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ትሄድ ነበር። ለትንንሽ ልጆቿ ከገበያ የገዛችው ጨውና ሳሙና መንገዱ ላይ ተበትኖ ነው የተገኘው። በወረቀት ላይ የሰፈረው ምክንያት «እግረኛዋ ለተሽከርካሪ ቅድሚያ ባለመስጠቷ» የሚል ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ለብዙ ጊዜ አሰላስዬዋለሁ። ቅድሚያ ትሰጥ ዘንድ የምትቆምበት ቦታ ማን ሰጣት? እግረኛ ግራውን ይዞ፣ መኪናው ፊት ለፊት እየታየው እንዲሄድ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። መልካም ትምህርት ነው። ግራችንን ስንይዝ ግን የምናገኘው ቦይ ከሆነ፣ ትምህርቱ ከመሐንዲሱ ጋር አልተመካከረም ማለት ነው።

ይህ የአንድ ቤተሰብ ኀዘን ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በኢትዮጵያ በዓመት 27 ሺህ ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል፤ ከ100 ሺህ ሰው 26.7 ማለት ነው። ይኸው ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በዓለም በመንገድ ከሚሞቱት ሰዎች 23 በመቶው እግረኞች፣ 6 በመቶው ብስክሌተኞች ናቸው። የአብዛኛው ሕዝቧ መጓጓዣ እግሩ በሆነ አገር የእግረኛው ድርሻ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ራሱ ሊያስበው ይችላል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መንገድ ሲታቀድ ሰው እንዴት ነው የሚቆጠረው? የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጂኦሜትሪክ ዲዛይን መመሪያ ውስጥ አንድ ሰንጠረዥ አለ። በመንገድ ላይ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ከአንድ አውቶሞቢል ጋር እየተነጻጸረ ይመዘናል። አውቶሞቢል 1 ነው። በእንስሳ የሚጎተት ጋሪ 0.7፣ ባጃጅ 0.4፣ ብስክሌት 0.2፣ እግረኛ 0.15 ነው። አንድ አውቶሞቢል ለመሙላት ሰባት እግረኛ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሰው የተቀመጠበት ፈረስ በሰንጠረዡ ውስጥ አላገኘሁትም፤ ጋሪ ካልጎተተ አይቆጠርም።

መሐንዲሶቹን ልወቅስ አይደለም። ቁጥሩ የሚለካው አንድ ነገር በመንገዱ ላይ የሚይዘውን ቦታ ነው እንጂ የሰውን ክብር አይደለም። እንዲያውም መመሪያው እግረኛው፣ ብስክሌቱና ጋሪው ከተወሰነ መጠን ሲበልጡ የመንገዱ ትከሻ እንዲሰፋ ይፈቅዳል። በገበያ ቀን 1,000 ሰው በእግሩ ቢወርድ በዚያው ሰንጠረዥ ስሌት 150 አውቶሞቢል ነው፤ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ችግሩ ያለው ቆጠራው ላይ ነው። የመንገዱን ደረጃና ስፋት የሚወስነው በቀን የሚያልፈው የባለሞተር ተሽከርካሪ ብዛት ነው። ቆጣሪው በማለዳ ወንበሩን ዘርግቶ መኪና ሲቆጥር፣ በፊቱ የሚያልፈው ሕዝብ በወረቀቱ ላይ አይሰፍርም። ያልተቆጠረ ሕዝብ ደግሞ በጀት የለውም። በፖለቲካችን ውስጥ ስለ ቆጠራ ስንት ጊዜ እንደምንጣላ ይታወቃል፤ በየቀኑ በመንገድ ዳር ስለሚካሄደው ስለዚህ ቆጠራ ግን የተጣላ ሰው አላውቅም።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። የእኛ የተማርነው ሰዎች ነገር ይህን ተረት ያስታውሰኛል። አባቶቻችን በእግራቸው ነው ያሳደጉን፤ እኛም ትምህርት ቤት በእግራችን ነው የሄድነው። ወንበር ላይ ከተቀመጥን በኋላ ግን ዘመዳችን መኪና ብቻ ነው። እግረኛና ጋሪ የኋላቀርነት ምልክት ይመስሉናል፤ ባለሥልጣን ሲመጣ ጋሪ ከአስፋልት እንዲወርድ የሚታዘዘውም በዚህ ስሜት ነው። አገሪቱ የመንገድ ልማት ፕሮግራሟን በ1989 ዓ.ም. ስትጀምር 26,550 ኪሎ ሜትር መንገድ ነበራት፤ በ2007 ዓ.ም. ከ110,000 ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ። ይህ ሊካድ የማይገባው ታላቅ ሥራ ነው። በዚህ ሁሉ ኪሎ ሜትር ጎን ስንት ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ እንደ ተሠራ የሚናገር ቁጥር ግን በምረቃው ላይ ሲነበብ አልሰማሁም።

በከተሞች በኩል ነገሩ መለወጥ መጀመሩን መመስከር ፍትሕ ነው። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» በሚል ስያሜ መኪና የማይገባበት እሑድ ተጀመረ። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ አደረገ፤ ስትራቴጂው በዋናነት ስለ ከተሞች የሚናገር ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና የብስክሌት መስመሮች ተዘርግተዋል። ለዚህ ሲባል ከኖሩበት ሰፈር የተነሡ ሰዎች እንባ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ቀን ላቆየው። እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ መስመሩ ተቀብቶ ብስክሌተኛውን ይጠብቃል፤ ጫግኒ ላይ ተጓዡ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ መስመሩ ግን አልመጣም። የብስክሌት ከተማ እየተባለች ስትወደስ የኖረችው ባሕር ዳር ራሷ፣ ዘንባባ በተተከለበት ጎዳናዋ ላይ ብስክሌቱን በባጃጅ ስታስጨንቀው ዓይናችን እያየ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር እንደ ኋላቀርነት አይታይም። እንግሊዝ አገር የፈረሰኛ መንገድ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ብስክሌተኛ እንዲጠቀምበት ተፈቅዷል። ትልቅ ጎዳና የፈረስ መንገድን በሚያቋርጥበት ቦታ፣ ፈረሰኛው ከኮርቻው ሳይወርድ እጁን ዘርግቶ የሚጫነው ከፍ ብሎ የተተከለ የመብራት ቁልፍ የሚገኝበት ማቋረጫ አለ፤ ክንፍ ባለው የግሪኮች ተረት ፈረስ ስምም «ፔጋሰስ» ይሉታል። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የመንገድ ሕጋቸው ደግሞ ብዙ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሁሉ ብዙ ኃላፊነት እንዲሸከም አድርጎ፣ እግረኛን ከሁሉ በላይ፣ ብስክሌተኛንና ፈረሰኛን ቀጥሎ አስቀምጧል። መኪና ፈረስን የሚያልፈው በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነትና ቢያንስ 2 ሜትር ርቆ እንዲሆን ይመክራል። በዚያ አገር ፈረስ የመዝናኛ ነገር ነው። የእኛ ፈረሰኛ ግን ለቅሶ የሚደርሰው፣ ሕመምተኛ የሚያደርሰው፣ ሽማግሌ የሚልከው በፈረስ ነው። ለመዝናኛ የተሰጠው ክብር ለኑሮ ሊነፈግ አይገባም።

«ድሃ አገር ነን፤ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጫግኒ ላይ የመብራት ቁልፍ ይተከል የሚል ሐሳብ የለኝም። የምለው ቀላል ነገር ነው። አንደኛ፣ የትራፊክ ቆጠራ ሲካሄድ እግረኛው፣ ብስክሌቱ፣ የጭነት እንስሳውና ፈረሰኛው ይቆጠሩ፤ ቆጠራውም የገበያ ቀንን ያካትት። ሁለተኛ፣ ከቦዩ ባሻገር፣ ከአስፋልቱ ተለይቶ፣ የተደለደለ የአፈር መንገድ ይሠራ። መንገዱ ሲሠራ ግሬደሩና ዳምጠው እዚያው ቦታ ላይ ስላሉ ወጪው ከአስፋልቱ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ለፈረስ ኮቴም ከአስፋልት ይልቅ አፈር ይሻላል። ሦስተኛ፣ በየመንደሩ መግቢያ ቦዩ በድልድይ ይሸፈን፤ በከተማ ውስጥ ደግሞ ክዳን ይደረግለት። አራተኛ፣ መንገዱ ከተማና ትምህርት ቤት በሚያቋርጥበት ቦታ ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሁን፤ ይህም በሰሌዳ ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ቅርጽ ይገደድ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የመኪናው ጉልበት በአራት እጥፍ እንደሚጨምር የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው።

«እግረኛ ለመንገድ አይከፍልም» የሚሉም አሉ። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ ለመንገድ ጥገና የሚሰበሰብ ገንዘብ አለ። ያ ገንዘብ በጨው ዋጋ ውስጥ፣ በማዳበሪያ ዋጋ ውስጥ፣ በአውቶቡስ ሒሳብ ውስጥ አለ። የጫግኒ ገበያተኛ ጨው በገዛች ቁጥር ለአስፋልቱ ከፍላለች። የከፈለችበት መንገድ ላይ የምትቆምበት ሁለት ሜትር አፈር መጠየቅ ልመና ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 32 ለኢትዮጵያዊ ሁሉ የመዘዋወር ነፃነት ሲሰጥ መንጃ ፈቃድ ላለው ብቻ አላለም።

በመጨረሻም ጫግኒ ራሷ ያየችውን ላስታውስ። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው እልቂት ከቀያቸው የተፈናቀሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በከተማዋ አጠገብ ራንች በተባለው ቦታ ተጠልለው ነበር። ብዙዎቹ ወደዚያ የደረሱት በእግራቸው ነው፤ ልጅ አዝለው፣ ሽማግሌ ደግፈው፣ ያተረፉትን ከብት እየነዱ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት ሲነሣም፣ መኪና በቆመ ቁጥር ሰው ያለው እግሩ ብቻ ነበር። ነፍሰ ጡሯን ወደ ጤና ጣቢያ የወሰዳት ቃሬዛ ነው፤ ቃሬዛውን የተሸከመው እግረኛ ነው። በክፉ ቀን የማይከዳን መጓጓዣ ይህ ከሆነ፣ በደጉ ቀን መንገድ ስንሠራ ለእርሱ ስፍራ መንፈግ ምን ዓይነት ዕቅድ ነው?

አንባቢዎቼ መካከል መሐንዲሶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በምክር ቤት የምትቀመጡ፣ በጨረታ ሰነድ ላይ የምትፈርሙም እንዳላችሁ አስባለሁ። ከእንጅባራ እስከ ጫግኒ ያለው መንገድ ለሚቀጥለው ጥገና ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፣ የመስቀለኛ ቅርጹን ሥዕል አንድ ጊዜ ተመልከቱት። ከአስፋልቱና ከቦዩ ቀጥሎ ሰው የሚሄድበት መስመር ተሥሎ እንደሆነ እዩ። ካልተሣለ፣ ሳይሣል አትፈርሙ።

ቸር ይግጠመን።